የኮሪያ ዘማች አያቴን የሕይወት ታሪክ ልጽፍ ነው፤ ጦር ሜዳው ይብዛ ወይስ ቤቱ?

የልጅ_ልጅ (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም ለሁላችሁ። አያቴ ባለፈው ወር በ93 ዓመታቸው አረፉ። ሃምሳ አለቃ ነበሩ፤ የኮሪያ ዘማች። ቀብራቸው ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ አንድ ገጽ ተኩል ነው። አንዱ ገጽ በሙሉ ኮሪያ። ግማሹ የትውልድ ቦታ፣ ጋብቻ፣ የልጆች ቁጥር፣ ከዚያ ያው የምናውቀው «ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ለተቸገረ ደራሽ»።

ለአርባቸው ትንሽ መጽሔት ልናሳትም ነው። ጽሑፉ ለእኔ ተሰጠኝ፤ «ዩኒቨርሲቲ የገባሽው ለምን ሆነና» ተብዬ። ቁጭ ብዬ ሳስበው ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። አባባ ኮሪያ የቆዩት አንድ ዓመት ገደማ ነው። አባት ሆነው የኖሩት ከስልሳ ዓመት በላይ። ታዲያ አንዱ ዓመት አንድ ገጽ ሲያገኝ ስልሳው ዓመት እንዴት አንድ መስመር ይደርሰዋል?

ስለ ጦርነቱ ደግሞ ብዙም አያወሩም ነበር። ስንጠይቃቸው «ብርድ ነበር» ይላሉ። በቃ። እኔ የማስታውሳቸው ማታ ማታ የሁላችንንም የትምህርት ቤት ጫማ ደርድረው ሲያጸዱ ነው። እማማ በታመመችባቸው ዓመታት ወጥ የሚሠሩት እሳቸው ነበሩ። በእሳቸው ዕድሜ ያለ ወንድ እንደዚያ ማጀት ሲገባ ሌላ ቤት አላየሁም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ነገር የሕይወት ታሪክ ላይ ይጻፋል? አክስቴ «ወጥ ሠራ ብለሽ ልታዋርጂው ነው?» ብላኛለች። አጎቴ ከአሜሪካ የላከው ረቂቅ ደግሞ «በ1951 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ዘመቱ» ብሎ ይጀምርና እስከ መጨረሻው ሽለላ ነው። የጻፋችሁ ካላችሁ እርዱኝ።

ሰፈርተኛ

ነፍስ ይማር። የአክስትሽ ነገር ግን በሐዘን መሃል አሳቀኝ።

ታሪክ_ወዳድ

ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን። ሌላው ሁሉ ሳይነሳ የአጎትሽን ዓመት አስተካክዪው። 1951 የፈረንጆች ነው፤ በእኛ 1943 ነው። በ1951 ዓ.ም. ጦርነቱ ከቆመ አምስት ዓመት አልፎት ነበር። ከውጭ የሚመጡ ሰርተፊኬቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚጻፉ ይሄ ስህተት በብዙ የዘማች ቤት አለ። አንዳንድ የመቃብር ድንጋይ ላይ ሳይቀር አይቼዋለሁ።

ለማመሳከሪያ እንዲሆንሽ፤ ቃኘው ሻለቃ ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣ ጦር ነው። የመጀመሪያው በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ እየተመራ በሚያዝያ 1943 ከአዲስ አበባ ተነሳ። በባቡር ጅቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ እስከ ፑሳን። በ1944 በሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ የሚመራው ሁለተኛው ቃኘው ተካው። በ1945 ደግሞ ሦስተኛው፣ በሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ። የተኩስ አቁሙ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ነው። እዚያ ሲዋጉ በአሜሪካው 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ነበሩ።

አያትሽ በየትኛው ቃኘው ነው የሄዱት? እሱን ካወቅሽ ዓመቱም አዛዡም ወዲያው ይታወቃል።

የልጅ_ልጅ

በሁለተኛው ነው። ወረቀታቸው ላይ አለ። ስለዚህ 1944 ማለት ነው፤ አመሰግናለሁ። አጎቴ ግን ሲሰማ ይበሳጫል፤ ሽለላው ላይ ዓመቱን በግጥም አስገብቶታል።

ጡረተኛው_ሻምበል

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ሐሳብሽ ገብቶኛል፣ ግን አልስማማም። ስልሳ ዓመትን ለአንድ ዓመት አካፍለሽ ገጽ የምታድዪ ከሆነ የወታደር ታሪክ አይጻፍም። እኔ በ1970 ምሥራቅ ግንባር ነበርኩ። የካቲት 26 ካራማራ ሲያዝ እዚያው ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ኖሬአለሁ፣ ልጆችም ድሬአለሁ። ዛሬም በር በኃይል ሲዘጋ መጀመሪያ የሚነሳው ያ የ1970ው ልጅ ነው።

ደግሞስ ጫማውን ከጦርነቱ ለይተሽ ያየሽው ለምንድን ነው? ክቡር ዘበኛ እኮ በዘመኑ በአለባበሱና በሥርዓቱ የሚታወቅ ጦር ነው። ጫማው ያልተወለወለ ሰልፍ ላይ አይቆምም። ብርድ አገር ሲኬድ ደግሞ እግር ከጠመንጃ እኩል ይጠበቃል። ካልሲህ ረጥቦ ካልቀየርክ ጣትህን ታጣለህ። ኮሪያ ተራራው ላይ በክረምት ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ይደርሳል። ከሞቃት አገር የሄደ የሃያ ዓመት ልጅ ምሽግ ውስጥ ያንን ሲያድርበት አስቢው። «ብርድ ነበር» ያሉሽ ጥያቄሽን ሊሸሹ አይመስለኝም። መልሱን ነግረውሻል።

የልጅ_ልጅ

ጋሼ ሻምበል፣ እርስዎ የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ እናቴ ጋ ደወልኩ። አባባ ጫማ ብቻ አልነበረም የሚያዩት። «ካልሲሽ ደረቅ ነው?» ሳይሉ አንድም ልጅ ከቤት አይወጣም። ክረምት ሲሆን ትርፍ ካልሲ በላስቲክ ጠቅልለው ቦርሳችን ውስጥ ይከቱ ነበር። እኛ «የአባባ አመል» እንለው ነበር። እናቴ «በእኛም ጊዜ እንደዚያው ነበር፤ ካልሲ እንኳ በሌለበት ዘመን ጨርቅ ይጠቀልልልን ነበር» አለችኝ። ከኮሪያ ጋር አገናኝቶት የሚያውቅ ሰው በቤታችን የለም።

የሃምሳ_አለቃ_ሚስት

ሁላችሁም ስለ እሳቸው። እሷስ?

እኔ ባለቤቴ የቀድሞው ሠራዊት ሃምሳ አለቃ ነበር። የሰሜኑ ግንባር ዕድሜውን በላው። ደመወዙን በውክልና እየተቀበልኩ፣ ለፈቃድ የመጣ ጊዜ እያረገዝኩ፣ አራት ልጅ ብቻዬን አሳደግኩ። በ1983 ጦሩ ሲበተን በእግሩ መጣ። ትንሹ ልጄ «እማዬ፣ አንድ ሰውዬ መጥተዋል» ብሎ ጠራኝ። አባቱን አያውቀውማ። ከዚያ በኋላ ጥሩ አባት ሆነ፤ አልዋሽም። የቀን ሥራ ሠርቶ አስተምሯቸዋል። ሲሞት ግን የተነበበው «ቤተሰቡን በሥርዓት ያስተዳደረ» ነው። ያስተዳደርኩትማ እኔ ነኝ! ለቅሶ ላይ ምን ይባላል፣ ዝም አልኩ።

እና ልጄ፣ አያትሽ ወጥ ሠሩ፣ እሰየው። እሳቸው ወጥ ከመሥራታቸው በፊት ለአርባ ዓመት ማን ሠራው? ሴትየዋን «ከወይዘሮ እገሊት ጋር ጋብቻ መሥርተው» በሚል አንድ መስመር እንዳታሳልፊያት።

ሰፈርተኛ

እትዬ አፈር ስሆን፣ ይሄን መድረክ ላይ ወጥተው ይንገሩልን።

ስም_የለኝም

ሌላ ወገን ልጨምር፤ ደስ የማይል ነው። የእኔም አባት ወታደር ነበር። ይመታን ነበር። በቀበቶ፣ በመጥረጊያ እንጨት፣ እጁ ባገኘው። ሌሊት ሌሊት ይጮሃል። ጠዋት ማንም አያነሳውም። ሲሞት አንድ ዘመድ ተነስቶ «ለቤተሰቡ ያደረ፣ ልጆቹን በፍቅር ያሳደገ» ብሎ አነበበ። ወጥቼ ውጭ ቆምኩ።

በአባቴ አልፈርድም፣ የት እንደነበረ ዛሬ አውቃለሁ። ግን «በፍቅር ያሳደገ» የሚለው ለሁሉም ሰው ስለሚነበብ ለአንቺ አያት እንኳን የሚቀር ነገር የለም። የእኔንም አባት፣ የአንቺንም አያት አንድ ዓይነት ሰው ያደርጋቸዋል። ካልሲውን ጻፊው። ማንም ሊዋሰው አይችልም።

ጡረተኛው_ሻምበል

ወንድሜ፣ ይሄ በብዙ ቤት አለ። በእኛ ጊዜ ስለ ሌሊቱ ጩኸት የሚያነጋግርህ የለም። ጠበል ትሄዳለህ ወይ ትጠጣለህ። ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። አይዞህ።

ታሪክ_ወዳድ

ሻምበል ልክ ብለዋል። አንድ ሌላ ነገር ላንሳ። «ስለ ጦርነቱ አያወሩም ነበር» የሚለው ቃል በሁሉም የኮሪያ ዘማች ልጆች አፍ አለ። ብዙው የጠባይ ጉዳይ ይመስለናል። ግን የአገሩን ሁኔታ እዩት። ሰዎቹ በጀግና አቀባበል ተመለሱ። ከሰባትና ስምንት ዓመት በኋላ የታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ መጣ፤ የመራው ደግሞ የራሳቸው የክቡር ዘበኛ አዛዥ ነው፣ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ። ተራው ወታደር ንጉሡን የሚጠብቅ እየመሰለው የወጣ ብዙ ነበር። ከከሸፈ በኋላ ክቡር ዘበኛ ተበተነ፣ የታሰረ ታሰረ፣ ሌላው በየክፍሉ ተመደበ። ክቡር ዘበኛን ያሠለጠኑት ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ በዚያው ግርግር ተገደሉ።

ከዚያ ደርግ መጣ፣ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ሆነ። የድላችን ሐውልት እንኳ በ1977 ሲሠራ በሰሜን ኮሪያ እርዳታ ነው። እንግዲህ ያኔ «እኔ ለደቡቡ ተዋግቼ ሜዳሊያ አለኝ» የሚል ማን ነው? ለዓመታት ዝም ማለት የደኅንነት ጉዳይ ነበር። ዝምታው ለምዶባቸው ቀረ። አያትሽ በ1953 የት ነበሩ? በደርግ ጊዜስ?

የልጅ_ልጅ

ይሄን ከእናቴና ከአክስቴ አሰባስቤ ልመልስ፣ ረዘም ይላል።

አባባ ከኮሪያ ሲመለሱ የአሥር አለቃነት ማዕረግ አገኙ። እማማን በ1947 አገቡ። ሰባት ልጆች። በ1953 ለወራት ታስረው ነበር። እማማ ያኔ ሦስተኛ ልጇን አርግዛ ነበር፤ ጠላ እየጠመቀች ቤቱን ያቆመችው ያኔ ነው (እትዬ፣ ይሄ እንዲገባ ወስኛለሁ)። ሲፈቱ ወደ ሌላ ጦር ክፍል፣ ክፍለ ሀገር ተመደቡ። በሃምሳ አለቃነት ጡረታ ወጥተው አንድ ትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀጠሩ።

በደርግ ጊዜ ሜዳሊያዎቹን እማማ በርበሬ ጆንያ ውስጥ ነው የደበቀቻቸው። ዛሬም ጥብጣባቸው ቀይ ነው፣ ቀለሙ ይሁን በርበሬው አይታወቅም። በ1970፣ በቀይ ሽብር ዘመን፣ ትልቁ አጎቴ ታሰረ። ቀበሌው አባባን «የንጉሡ ዘበኛ» እያለ በጥርጣሬ ያያቸው ነበር፤ ሰው «አንተ አትሂድ፣ እናቲቱ ትሂድ» ይል ነበር። እሳቸው ግን ስንቁን ለማንም አልሰጡም። ጠዋት ከሥራ በፊት ራሳቸው ይወስዳሉ፣ ባዶውን ሳህን ራሳቸው ይቀበላሉ። ያኔ «ስንቅ መልሱ» ከተባለ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ታሳሪው ተገድሏል ማለት ነው። ከዓመት በላይ እንዲህ ተመላለሱ። አጎቴ ተፈታ። አሜሪካ ሆኖ ሽለላውን የጻፈው እሱ ነው።

እኔ እስከ ትናንት ድረስ ይሄን አላውቅም ነበር። አጎቴ ረቂቁ ላይ ስለዚህ አንድ ቃል አልጻፈም።

የሃምሳ_አለቃ_ሚስት

አጎትሽ ያልጻፈው ስለማይችል ነው፤ አትውቀሺው። ከሽለላው የቆጠብሽውን ቦታ ለዚህ ስጪው።

ሰፈርተኛ

በርበሬ ጆንያ! እማማን የደኅንነት ሚኒስትር ማድረግ ነበር።

ቹንቾን_ያለሁ

ክሩን አሁን ገና አየሁት፤ ደቡብ ኮሪያ ተማሪ ነኝ። ቹንቾን ከተማ የኢትዮጵያ ዘማቾች ሐውልትና መታሰቢያ አዳራሽ አለ። ሐውልቱን በ1960 አፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው መጥተው ነው የመረቁት። አዳራሹ የተጨመረው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የኮሪያ ተማሪዎች በአውቶቡስ እየመጡ ይጎበኙታል። ከየት እንደመጣሁ ስነግራቸው የሚቆሙ አዛውንቶች አጋጥመውኛል።

የእኛ ወታደሮች ዶንግዱቾን የሚባል ከተማ ወላጅ ላጡ የጦርነት ልጆች ማሳደጊያ ከፍተው ነበር። ከደመወዛቸው እያዋጡ። ይሄ አገር ቤት ብዙም አይነሳም፤ «ስንት ተራራ ያዙ» የሚለው ይበልጣል። ስለ አባትነት ልትጽፊ ከሆነ ግን የአያቶቻችን ብዙዎቹ ከራሳቸው ልጅ በፊት የሰው ልጅ የያዙት እዚህ ነው። የአያትሽን የቆዩ ፎቶዎች እያቸው፤ ምናልባት አለ።

የልጅ_ልጅ

አለ! አንድ ፎቶ ላይ አባባ ትልቅ ካፖርት ለብሰው አንድ ሕፃን ታቅፈዋል። የት እንደተነሱት ወይ ልጁ ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ጀርባው ላይ የተጻፈ የለም። ማሳደጊያው ይሁን አይሁን ስለማላውቅ «ኮሪያ፣ 1944» ብቻ ብዬ አስገባዋለሁ። ልጁ እግሩ ላይ ትልቅ የወታደር ካልሲ አጥልቋል። ጉልበቱ ድረስ ይመጣል።

ታሪክ_ወዳድ

ጎሽ፣ የማታውቂውን አለመጨመርሽ ጥሩ ነው። ቁጥር መጻፍ ከፈለግሽ እንዲህ በይ፤ እስከ ተኩስ አቁሙ ከ3,500 በላይ ዘመቱ፣ ከ120 በላይ ተሰዉ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ። የተማረከ የለም። የተሰዉት አስከሬን አገር ቤት መጥቶ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው ያረፈው። አንዳንድ ቦታ ከ6,000 በላይ የሚል ታያለሽ፤ እሱ ከተኩስ አቁሙ በኋላ የሄዱትን ጨምሮ ነው። አፍንጮ በር ያለው የዘማቾቹ መታሰቢያ ጋም ብቅ በዪ፤ ስማቸውን እዚያ ከጠየቅሽ ይረዱሻል።

አክስቷ_ነኝ

እኔ ነኝ አክስትየዋ። የእህቴ ልጅ አሳየችኝ። ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አገር ሙሉ ሰው ስለ አባቴ ሲያወራ ዝም ብዬ ከማነብ ልጻፍ ብዬ ነው።

ወጥ ሠራ የሚለው ይግባ፤ ተሸንፌያለሁ። ግን በልኩ ይጻፍ። ጨው ያበዛ ነበር። በርበሬው እስኪበስል መታገስ አያውቅም፤ ወታደር ምን ትዕግሥት አለው። እናቴ አልጋ ላይ ሆና «አሁን ሽንኩርቱ፣ ቆይ፣ ገና ነው» እያለች ታዝዘዋለች፣ እሱ ከማጀት «እሺ እመቤት» ይላል። በሕይወቱ ሙሉ ሲያዝዝ እንጂ ሲታዘዝ አላየንም፤ ያየነው ያኔ ብቻ ነው። ሁለቱም በጣም ይስቁ ነበር። በመጨረሻ ቅመሱልኝ ብሎ ሲሰጠን ማናችንም «ጨው በዝቷል» አንልም። አንድ ቀን ታናሽ ወንድሜ አፉን ያዝ አደረገና «አባዬ፣ ኮሪያም እንዲህ ነው የሚሠራው?» ሲለው ራሱ አባቴ ነው መጀመሪያ የሳቀው።

ማዋረድ ነው ያልኩት ሰው እንዳይስቅበት ብዬ ነበር። ይሳቅ። እሱም ስቋል።

ስም_የለኝም

እናትየዋ እያዘዘች እሳቸው ሲታዘዙ የሚለው ይግባ። እባክሽ።

ጡረተኛው_ሻምበል

እደግፋለሁ። እኔም ጦር ሜዳው ይብዛ ያልኩትን አነሳለሁ። ግን የጦር ክፍሉ፣ ዓመቱና ማዕረጉ አንድ አንቀጽ ላይ በግልጽ ይቀመጥ። እንደ እሳቸው ያለ ወታደር መዝገብ ሲጠፋበት የሚቀረው እንዲህ ያለ ወረቀት ነው። የልጅ ልጆቻችሁ የሚፈልጉት ነገር አለ።

የልጅ_ልጅ

ረቂቁን እዚህ ላድርገው፤ ሌሊቱን ጽፌ ነው ያደርኩት። መካከለኛው ክፍል ብቻ፦

«በ1944 ዓ.ም. በክቡር ዘበኛ ሁለተኛው ቃኘው ሻለቃ ውስጥ ወደ ኮሪያ ዘመቱ። ስለዚያ ዘመን ሲጠየቁ ‹ብርድ ነበር› ይሉ ነበር። በ1947 ጋብቻቸውን ፈጸሙ። በ1953 ለወራት ሲታሰሩ ባለቤታቸው ጠላ እየጠመቁ ቤቱን አቆሙ፤ ነፍሰ ጡር ነበሩ። በ1970 ልጃቸው በታሰረ ጊዜ ስንቁን ለሌላ ሰው ሳይሰጡ ከዓመት በላይ ራሳቸው ተመላለሱ። ሰባት ልጆችና የልጅ ልጆች ያለ ደረቅ ካልሲ ከቤት ወጥተው አያውቁም። ባለቤታቸው በታመሙ ጊዜ በእሳቸው ትእዛዝ ወጥ ይሠሩ ነበር። ጨው ይበዛበት ነበር።»

አጎቴ ጋ ልኬለት በድምፅ መለሰልኝ። የስንቁ መስመር ጋ ሲደርስ ማንበብ አቆመ። ከዚያ «ሽለላውን ተዪው፣ ወይም መጨረሻ ላይ አራት መስመር ብቻ» አለ። አራት መስመር እሰጠዋለሁ።

የሃምሳ_አለቃ_ሚስት

«ባለቤታቸው» ሁለት ጊዜ። ስም የላትም እንዴ ሴትየዋ?

የልጅ_ልጅ

አላት እትዬ! መድረክ ላይ ላለመጻፍ ነው እንጂ መጽሔቱ ላይ ሙሉ ስሟ ከእነ አባቷ አለ። ፎቷቸውም ሽፋኑ ላይ አብረው ያሉበት ነው።

ታሪክ_ወዳድ

ሁለት ጥቃቅን ነገር። «ሃምሳ አለቃ» የሚለውን ርዕሱ ላይ ከስማቸው በፊት አድርጊው። የፎቶው ሥር ደግሞ «1944 ዓ.ም.» ብለሽ «ዓ.ም.»ዋን አትርሺ፤ የአሜሪካ ዘመዶቻችሁ እንደገና እንዳይምታታባቸው።

የልጅ_ልጅ

እሺ፣ ሁለቱንም አስተካክዬዋለሁ። ነገ ጠዋት ማተሚያ ቤት ይገባል። ቹንቾን ያለኸው ወንድማችን፣ የሐውልቱን ምስል በውስጥ ላክልኝ፤ ጀርባው ሽፋን ላይ ባዶ ቦታ አለ።